አርባኛዋ ትንኝ

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። እመኑኝ ብዬም አልለምናችሁም። ደርሶብኛል... ያ ይበቃኛል።

ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር። ከሌሊቱ አይደለም፤ ከቀኑ። ፀሐይ ግቢውን ሞልታው፣ ተማሪዎች ሣር ላይ ተቀምጠው ሲሳሳቁ። የሚያስፈራ ነገር ሁሉ ጨለማ ይጠብቃል ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ቦታው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የነፍሳት ጥናት ክፍል፣ ምድር ቤት፣ ትንኝ የሚረባበት።

ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። የማጠናው ትንኞች በሽታን ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚያዛምቱ ነው። ሥራዬን ለጠየቀኝ ሰው "ትንኝ አረባለሁ" ስል፣ "ምነው፣ በግ ጠፋ?" እያለ ይስቅብኛል።

ምድር ቤቱ ውስጥ ሁለት ክፍሎች አሉ። ይህን በደንብ ያዙልኝ...

በግራ በኩል የንጹሖቹ ክፍል ነው። ምንም በሽታ የሌለባቸው ትንኞች በመረብ ሳጥን ውስጥ ይኖራሉ።

በቀኝ በኩል የተበከሉት ክፍል ነው። እነዚህ ለጥናት ሲባል ቫይረስ እንዲይዛቸው የተደረጉ ናቸው። አንዷ ሰው ብትነክስ መዘዙ ሞት ሊሆን ይችላል። ከንጹሖቹ ጋር እንዳይምታቱብን ቢጫ ዱቄት እንነሰንስባቸዋለን።

ከተበከሉት ክፍል ሲወጣ ሁለት በር ያላት አንዲት ጠባብ ነጭ ክፍል አለች። ወጪው እዚያች ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይቆማል። መስታወት ፊት ዞር ዞር ብሎ ልብሱን ያያል፣ ጋዋኑን አራግፎ እዚያው ይሰቅላል፣ ከዚያ ነው ሁለተኛው በር የሚከፈተው።

ሁለት ደቂቃ ብቻ...

የንጹሖቹ ክፍል ኃላፊ እትዬ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ከጥናት ክፍሉ አለቃ ከዶክተሩ ጀምሮ እስከ በር ጠባቂው ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ሃያ ምናምን ዓመት ትንኝ ሲያረቡ ኖረዋል።

ትንኝ እንቁላል እንድትጥል ደም ያስፈልጋታል። ሌላ ቦታ በማሽን ይመግባሉ ሲባል እሰማለሁ። እኛ ጋ ግን ማሽኑ እትዬ ነበሩ።

በየቀኑ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ወንበራቸውን ስበው ይቀመጣሉ። ሳጥኑ በአንድ ጎኑ የጨርቅ እጅጌ አለው። የእጅጌውን ቋጠሮ ፈትተው ግራ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ያስገባሉ። አሥር ደቂቃ። በቀኝ እጃቸው ደግሞ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

"አያሳክክዎትም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ተላምደናል" አሉኝ በሹክሹክታ። ትንፋሽ ትንኞቹን ስለሚረብሻቸው እዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ነው። "ደግሞ ከባል ይሻላሉ። ጠጥተው ዝም ነው።"

ሳቄን ለማፈን አፌን በጋዋኔ ያዝኩ።

እኔን "ችኩሌ" ነበር የሚሉኝ። ሌላ ማንም እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። "ችኩሌ፣ በሩን!" "ችኩሌ፣ ቀስ በይ!" ምሳ ሳልበላ መዋሌን ፊቴን አይተው ያውቁና ከዳቦአቸው ገምሰው ይሰጡኛል። እናቴ ሩቅ ነበረች፤ እዚያ ከተማ ውስጥ በልተሻል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እና እኔ ምን አደረግኳቸው...

ያን ቀን ጥናቴ አልቆ የተበከሉትን የምዘጋበት ቀን ነበር። አርባ ናቸው። በማቀዝቀዣ እገድላቸዋለሁ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሬ እቆጥራቸዋለሁ፣ ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ አሽጋለሁ። ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርማል።

ቁጥሩ ከጎደለ ምድር ቤቱ ይዘጋል። የጎደለችው እስክትገኝ ማንም ንቅንቅ አይልም። ካልተገኘች ምርመራ ይመጣል፤ የአራት ወር ሥራዬም ውድቅ ይሆናል።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ደግሞ ከሌላ አገር በመጡ ገምጋሚዎች ፊት ጥናቴን አቀርባለሁ። ከወደዱት ዶክትሬቴን እነሱ ጋ እማራለሁ። ቤተሰቤ ሁሉ ስልክ ይዞ እየጠበቀ ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቆጠርኩ።

ሠላሳ ዘጠኝ።

ደግሜ ቆጠርኩ፤ በጣቴ፣ በመርፌ ጫፍ፣ በአጉሊ መነጽር...

ሠላሳ ዘጠኝ።

ላብ አጠመቀኝ። ጠረጴዛው ሥር፣ ግድግዳው ላይ፣ ጣሪያው ላይ ፈለግኩ። የለችም። ሰዓቴን አየሁ። ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወጣሁ። በነጯ ክፍል በኩል... ሳልቆም። ሁለት ደቂቃ አልነበረኝም። ጋዋኔንም አላወለቅኩም።

እትዬ ሻይ ሊጠጡ ወጥተው ነበር። ወደ ንጹሖቹ ክፍል ገብቼ የሳጥኑን እጅጌ ፈታሁና እጄን ከነጋዋኑ ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ትንኝ በምንይዝበት የመምጠጫ ቱቦ አንዲት ንጹሕ ትንኝ ሳብኩ።

ተመለስኩ። አቀዘቀዝኳት። ቢጫ ዱቄት ነሰነስኩባት። ከእህቶቿ ጎን አስተኛኋት።

አርባ።

እትዬ መጡ። ወደ ተበከሉት ክፍል መግቢያ ፈቃድ ስላልነበራቸው በመስኮቱ መስታወት ማዶ ቆመው አንድ በአንድ በዓይናቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ።

"እርግጠኛ ነሽ፣ ችኩሌ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ላብሽን ጥረጊ በይ። እንዳይረፍድብሽ... ሩጪ።"

ፈረሙ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ገምጋሚዎቹ ፊት ቆምኩ። "ከአርባዎቹ አንዷም አላመለጠችም" አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

በማግስቱ እትዬ ከንጹሖቹ ሳጥን ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰዓቱ ዘጠኝ ነው። እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ በስኳር ውኃ የተነከረ ጥጥ ብቻ አስቀምጠዋል።

"ዛሬ አይመግቧቸውም?"

"ክንዴን አሞኛል።"

በሃያ ምናምን ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ብለው አያውቁም። ይህን ብቻ ሰምቼ መባነን ነበረብኝ። ትንኝ አርቢ ክንዱን የሚሰስተው መቼ ነው? ደሙ ንጹሕ አለመሆኑን ሲያውቅ ነው። እኔ ግን የዶክትሬት ቅጼን እየሞላሁ ነበር።

"ችኩሌ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የምትነግሪኝ ነገር አለ?"

"ምንም... ምነው?"

"እንዲያው ነው።"

በስድስተኛው ቀን ቀሩ። ጉንፋን ነው ተባለ። በአሥራ አንደኛው ቀን አረፉ።

ደማቸው ተመረመረ። የተገኘው ቫይረስ በከተማው ውስጥ ከእኛ ምድር ቤት በቀር የትም የለም።

ኮሚቴ ተቀመጠ። እኔም ተጠራሁ። ዶክተሩ ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው መነጽራቸውን አወለቁ። የተናደዱ አይመስሉም፤ ደክሟቸዋል።

"አርባዎቹ በሙሉ አሉ። እትዬም ፈርመዋል" አሉኝ። "ስለዚህ የተነከሱት ከዚያ በፊት ነው። ፈቃድ ሳይኖራቸው ገብተው ነበር ማለት ነው?"



"እሳቸውን ከማንም በላይ የምትቀርቢው አንቺ ነሽ። ተናገሪ።"

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። እምላለሁ፣ አፌ ላይ ነበር...

"አልፎ አልፎ... ይገቡ ነበር። በርም መዝጋት ይረሱ ነበር" አልኩ።

ጻፉት። ፈረምኩ። "የሟች የጥንቃቄ ጉድለት" ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ንጹሖቹን እንድይዝ እኔ ተመደብኩ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት። ወንበራቸው ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ግራ እጄን አስገባሁ። እነዚያ ትንኞች ደም ከቀመሱ ሰንብተዋል። ክንዴን ሊወሩት ይገባ ነበር።

አንዲትም አልመጣችም።

ሁሉም ተነሥተው ወደ ሳጥኑ ማዶ ሄዱ። መረቡ ላይ ተለጥፈው ተቀመጡ። እጄን ወደ እነሱ ባስጠጋሁ ቁጥር ይሸሹኛል። ሕይወቴን ሙሉ ትንኝ ሰው ስትጠየፍ አይቼ አላውቅም።

እጄን አውጥቼ እጅጌውን ቋጠርኩት። ሁለቴ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ የትንኞቹ ሆድ ሁሉ ቀልቷል። ጥግብ ብለዋል። ደም ጠጥተዋል።

ቋጠሮው እንደነበረ ነው። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ።

"ዶክተር፣ ማታ የገባ ሰው አለ?"

"ማን ይገባል? ይልቅ ጎበዝ፣ አያያዙን ችለሽበታል" አሉኝ። "በእትዬ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልጠገቡም።"

አመሰገንኳቸው። 

ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሊሆን ሲል ክፍሉን ቆልፌ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ተመለከትኩ።

ክፍሉ ባዶ ነው። ፀሐይ ከላይኛው መስኮት ገብታ ወንበሩ ላይ አርፋለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ።

የጨርቁ እጅጌ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነበር... ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ከዚያ ሞላ። ከቋጠሮው ጀምሮ ወደ ውስጥ፣ አንጓ የሚያህል፣ ከዚያ ክንድ የሚያህል... እስከ ክርን።

ትንኞቹ በአንድ ጊዜ ተነሥተው ወደዚያ ሄዱ።

 ግድግዳውን ተደግፌ አሥር ደቂቃ ሙሉ አየሁ። አሥር ደቂቃ ሲሞላ እጅጌው ተንፍሶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ወንበሩ ሲንቋቋ በበሩ በኩል ሰማሁ፤ ሰው ብድግ ሲል የሚያሰማው ድምፅ ነበር።

ትሸሻለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልሸሸሁም። ለዶክትሬቱ የሚያስፈልገኝ የድጋፍ ደብዳቤ ገና አልተጻፈልኝም ነበር። እንዲህ ነኝ እኔ። በየቀኑ ዘጠኝ ሊሆን ሲል ክፍሉን ቆልፌ እወጣለሁ፤ መዝገቡ ላይ "ተመግበዋል" ብዬ እጽፋለሁ።

በሁለተኛው ወር የእትዬ ልጅ መጣች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። የእናቷን ጫማና መነጽር ልትወስድ ነው። በእጇ ደብተር ይዛለች። ደብተሩን አወቅኩት።

"ሲያማት ወደ ቤት ይዛው መጥታ ነበር" አለች። "አንዳንዱ አልገባኝም። የምትሠሩት አብራችሁ ነው ሲሉኝ..."

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ።

"ውጭ እንነጋገር" አልኳት።

"ትንሽ ልይላት። የምትቀመጠው እዚህ ነው?" ወንበሩን በእጇ ዳሰሰች። ጀርባዋን ለሳጥኑ ሰጥታ ቆመች።

"እናቴ በር ትረሳ ነበር ያሉት እውነት ነው?" አለችኝ። እሷም ሳታውቀው እያንሾካሾከች ነበር። "ቤታችን እኮ ከመተኛቷ በፊት እያንዳንዱን በር ሦስቴ የምታይ ሴት ናት። አሁን የሰፈር ሰው በራሷ ስህተት ሞተች ይላል። ታናናሾቼ ሳይቀሩ አምነዋል። እኔ ግን አልዋጥልሽ አለኝ።"



ደብተሩን ገልጣ ሰጠችኝ። ቀኑ ያ ቀን ነበር። የእትዬ ጽሑፍ፣ ቁልጭ ያለ...

"ዘጠኝ ሰዓት። መገብኳቸው። እጄን ሳወጣ አንዷ ክንዴ ላይ ቀረች። ጠግባለች። ቢጫ ናት። ገደልኳት። በጋዋኗ ይዛት ገብታ መሆን አለበት። የተሳሳተችው ችኩሌ ናት፤ አሁን እንግዶቹ ፊት ልትቀርብ ነው። ብናገር ያባርሯታል። ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ።"

 የጎደለችው ትንኝ እኔው ላይ ነበረች። የንጹሖቹ ሳጥን ውስጥ በገዛ እጄ ያስገባኋት እኔ ነኝ።

ከጽሑፉ ሥር አንዲት ትንኝ በግልጽ ፕላስተር ተለጥፋለች። ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ ቢጫ። አርባኛዋ።

ገጹን ገለጥኩ። በየቀኑ አንድ አንድ መስመር...

"ዛሬም አልነገረችኝም።"

"ዛሬም አልነገረችኝም።"

"ትኩሳቱ ጀመረኝ። ዛሬም አልነገረችኝም።"

የመጨረሻው መስመር ተንጋዷል፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈ ነው።

"ልጅ ናት። ትነግረኛለች።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

"ችኩሌ ማናት?" አለች ልጅቷ።

ቀና አልኩ። ከትከሻዋ በስተጀርባ ሳጥኑ ይታየኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ።

እጅጌው ቀና አለ። መሙላት ጀመረ... አንጓ... ክንድ... ትንኞቹ ግን አልተነሡም። ክንፋቸውን ሰብስበው መረቡ ላይ ተቀምጠዋል። እጅጌው ውስጥ ያለው ነገርም አልተንቀሳቀሰም። ክፍሉ ጭጭ አለ።

እየሰሙኝ ነበር።

"ታውቂያታለሽ?" አለች ልጅቷ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "እባክሽ። ስሟን እንኳ ንገሪኝ። እናቴ ላይ የተባለው ውሸት መሆኑን ለታናናሾቼ እንድነግራቸው ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ነኝ ማለት።

የድጋፍ ደብዳቤው በማግስቱ ነበር የሚፈረመው።

"አላውቃትም" አልኩ።

ሽምጥጥ አድርጌ ካድኩ።

እጅጌው በአንድ ጊዜ ተንፍሶ ወደቀ። ወንበሩ ተንቋቋ። ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ በጣም ስስ ድምፅ ሰማሁ፤ ወረቀት ላይ ሩዝ ሲበተን እንደሚሰማው ዓይነት። ትንኞቹ ከመረቡ ላይ እየረገፉ ነበር። ሁሉም። አንዷም አልቀረች።

ልጅቷ አልሰማችም። ዓይኗን ጠርጋ ደብተሩን በእጄ አስያዘችኝ።

"አንቺ ጋ ይቀመጥ" አለች። "ያቺ ችኩሌ የተባለችው ብቅ ካለች ስጪልኝ። ስልኬ ጀርባው ላይ አለ። እናቴ እስከ መጨረሻዋ አልተቀየመቻትም በይልኝ። መጥታ እውነቱን ትናገር እንጂ እኔም አልቀየማትም።"

ጫማውንና መነጽሩን በፌስታል ይዛ ወጣች። በሩን ከዘጋች በኋላ መያዣውን ሦስቴ ስትነካው ሰማሁ። እንደ እናቷ።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት ሆነው። ዶክትሬቴን ይዣለሁ። አሁን አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ላይ ምን እንደምነግራቸው ታውቃላችሁ? ቁጥር አይዋሽም እላለሁ። ተማሪዎቼ ይጽፉታል።

ደብተሩ የቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስልኩን ብዙ ጊዜ ደውዬበታለሁ። "ሃሎ" ስትል እዘጋለሁ። አሁን አሁን "ሃሎ" ማለቱንም ትታለች። ታነሣና ዝም ብላ ታዳምጣለች... የምዘጋው ሁሌም እኔ ነኝ።

ዛሬ ለእሷ ልጽፍላት ነበር የተቀመጥኩት። ከነስሜ፣ ከነፊርማዬ። አልቻልኩም። ይኸው ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች፣ ስም ሳልጠቅስ ጻፍኩት። ሐፍረቴ እዚህ ድረስ ነው።

ከመጨረሴ በፊት ግን ያ የሆነበትን ቀን ላረጋግጥ ብዬ መሳቢያውን ከፍቼ ደብተሩን ገለጥኩ።

ፕላስተሩ እንዳለ ነው። አራቱም ጠርዞቹ ወረቀቱ ላይ እንደተጣበቁ ናቸው። አልተቀደደም፣ አልተላጠም።

ሥሩ ባዶ ነው።

ትንሽ ቢጫ ዱቄት ብቻ...

ቢሮዬ ብሩህ ነው። መስኮቱ ተዘግቷል። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከሁለት ይላል።

ግራ ክንዴ ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ባዶ ነው፣ እግሮቿ ቢጫ። እፍ አልኳት፤ አልተነሣችም። በቀኝ እጄ እየጻፍኩ ነው፤ ግራ እጄን ማንቀሳቀስ ፈርቻለሁ።

አልነከሰችኝም።

ዝም ብላ ትጠብቃለች።